ከስብሰባ የማይቀሩት ጋሽ ደምሰው

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ሲንኳኳ ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር ነበር የከፈትኩት። ደጃፌ ላይ ሐጂ ሰይድና አቶ ጌታቸው ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ማለዳ፣ ሽማግሌዎች፣ ጥቁር ካፖርት። ሌላ ሐበሻ ቢሆን ገና ሲያያቸው «ማንን ነው? ማንን ነው?» ብሎ በጮኸ ነበር። እኔ ግን ሳቄ መጣ።

«ዛሬ ደግሞ የምን ስብሰባ ነው?» አልኳቸው። «ጋሽ ደምሰውስ? ደረጃው ከበዳቸው እንዴ?»

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። አቶ ጌታቸው ቀስ ብለው «እስቲ ግቢና ቁጭ በይ፣ ሰብለ» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሌሊት በእንቅልፋቸው ነበር ያረፉት። ባለቤታቸው እትዬ ወሰኔ ለጸሎት ሊቀሰቅሷቸው ቢሉ አልነቃ አሏቸው።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እያለቀስኩም መርዶ ነጋሪ ፊት መሳቄ ትዝ ሲለኝ እንደገና ሳቅ ይተናነቀኛል። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እዚህ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ባለው ሕንፃችን ውስጥ፣ በማለዳ የሚመጣ ሽማግሌን እንዳንፈራ ያደረጉን ራሳቸው ሟቹ ናቸው።

ጋሽ ደምሰው የሚኖሩት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። የሲያትል ሰው ዝናቡን ስለለመደው ጃንጥላ አይዝም። እሳቸው ግን በጋ ከክረምት ይይዙታል። ሲዘንብ ደግሞ አይዘረጉትም። አንድ ቀን ውኃ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ላይ እየተንጠባጠበ ደረጃ ላይ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ ጃንጥላውን ለምን አይዘረጉትም?» ብላቸው፣ «ይበሰብስብኛል» አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን፣ እስካሁን አላወቅሁም።

አንድ ቁም ነገር ከመናገራቸው በፊት ባርኔጣቸውን ያወልቁና ውስጡን ትክ ብለው ያያሉ፤ ከዚያ መልሰው ይደፉታል። እስኪጨርሱ ድረስ የሚያቋርጣቸው ሰው የለም። አገር ቤት ሳሉ የሰፈራቸው እድር ዳኛ ነበሩ። እዚህ መጥተው እስከ ጡረታቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፤ ዳኝነቱ ግን ጡረታ አልወጣም። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ አጀንዳው ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አሁን እንግዲህ ተስፋ የሚዘሩ፣ ፊታቸው የማይጠቁር አዛውንት መስለዋችሁ ይሆናል። በፍጹም! በዕድሜዬ እንደ ጋሽ ደምሰው ያለ ጨለምተኛ አይቼ አላውቅም። እንቁላል ተወደደ ሲባል «ገና ምኑን አይታችሁ» ይላሉ። ጥግ ላይ ያለው ሱፐርማርኬት በሩን በጣውላ መርጎ ሲዘጋ «ገና ምኑን አይታችሁ»። ፀሐይ ወጣች ብትሏቸውም ያው ነው።

በዚህ ብቻቸውን አልነበሩም። ከሕንፃችን ሥር ባለችው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቆሞ የሚያወራው ስለ አሜሪካ መውደቅ ነው። «የእንትናን ልጅ ሰማችሁ? ሌይ ኦፍ አደረጉት እኮ! ያን የመሰለ የኮምፒዩተር ሥራ!» ይላል አንዱ። «የቤቱን ረንት ደግሞ ጨመሩብን» ይላል ሌላው። አቶ ጌታቸው በተለይ ክፉ ቀን ይመጣል ብለው ሩዝ በጆንያ እየገዙ አልጋቸው ሥር ስለሚከቱ፣ ወደ አልጋቸው ለመውጣት መሰላል ሳያስፈልጋቸው አይቀርም ብለን እናማቸዋለን። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ እሳቸው፣ ሌላ ጆንያ እየተሸከሙ። መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ አፍ «ይቺ አገር አበቃላት!» ይልና እንጀራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሥራ ቦታዬ፣ ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት ፈረንጆችም በምሳ ሰዓት ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የሚያዩት ይህንኑ ነው። ሁሉም ይፈራል። ፈርቶም የሚያደርገው ነገር የለም።

ከዚያ ነው አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ማስታወቂያ የተለጠፈው። በበጀት ጉድለት ምክንያት ከእኛ ሰፈር ወደ ቢከን ሂል የሚወጣው አውቶቡስ ሊቀር ነው፤ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ስብሰባ ተጠርቷል ይላል። ሁላችንም አነበብነው። ከንፈራችንን መጠጥንና በዚያው አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን።

ጋሽ ደምሰው ያን ዕለት ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እትዬ ወሰኔ ኩላሊታቸውን ታመው በሳምንት ሦስት ቀን ቢከን ሂል ወጥተው ደማቸውን ያሳጥባሉ። የሚሄዱት በዚያ አውቶቡስ ነው። ባቡሩም ኮረብታው ላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን ክሊኒኩ ከጣቢያው ይርቃል፣ እሳቸውም ከእጥበት ሲወጡ ጉልበታቸው ይዝላል። እኔ በመኪና ላድርስዎት ብላቸው «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ ሰው አላስቸግርም» ብለውኛል። አውቶቡሱን የሚወዱት ማንንም ለምነው ስለማይሳፈሩበት ነው።

«ልጃችን ራቅ ብላ ሾርላይን ናት» አሉኝ ጋሽ ደምሰው ማስታወቂያውን እያዩ። «ክሊኒክ አጠገቤ አለ፣ እማዬን ወደ እኔ ላምጣት ትላለች። ቤቷ ግን ከልጆቿ ተርፎ ለአንድ ሰው ቢበቃ ነው። አውቶቡሱ ከቀረ እሷ ትሄዳለች፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አይተውም መልሰው ደፉት። «ስንት ነገር አብረን አሳልፈን፣ በስተርጅና አውቶቡስ ሊያፋታን ነው።»

ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልተባበራቸውም። እንደዚያ ፈርተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለስብሰባው እኔን አስተርጓሚ አድርገው ይዘውኝ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሩ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። ሰው ግን እኛና ሹራብ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ብቻ ነን። ከፊት የተቀመጡት የከተማው ሠራተኞች በትሕትና የጉድለቱን ነገር አነበቡልን፤ ሌላ ስብሰባ እንደሚኖርና ከዚያ በኋላ እንደሚወሰን ነገሩንና ሸኙን። ሱቅ ስንደርስ ነገሩን ለቆሙት ሰዎች ነገርኳቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ያለፋዎታል?» አላቸው አንዱ ታክሲ ነጂ። «ወስነው ጨርሰዋል እኮ። ሚቲንጉ ለደንቡ ያህል ነው።»

«አይጠቅምም» አሉ አቶ ጌታቸውም። «አበቃላት ስንል ከርመን የለ? ሶ፣ ምን ይጠበስ?»

ባርኔጣው ወለቀ። «ለቅሶ ስትሄዱ ሟቹ ይነሳል ብላችሁ ነው?» አሉ ጋሽ ደምሰው። «አይነሳም። ግን ትሄዳላችሁ። የቀረውን ሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ ታሙታላችሁ። እንግዲህ አገር አበቃላት ካላችሁ፣ ለቅሶዋን እንኳ ድረሱ!»

ንግግሩን ወደድነው። ራሳችንን ነቀነቅን። ማንም እመጣለሁ አላለም።

ሁለተኛው ስብሰባ ሲቃረብ ጋሽ ደምሰው ለሁሉም ኮል አደረጉ፤ የሚያነሳላቸው አልነበረም። አንዱ ማታ ይሠራል፣ አንዱ ከሰዓት ይገባል፣ አንዱ ተኝቷል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገኘው በማለዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በስብሰባው ዕለት ሊነጋጋ ሲል ሐጂ ሰይድንና አቶ ጌታቸውን አስከትለው ከታችኛው ፎቅ ጀምረው በር ሊያንኳኩ ተነሱ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሽምግልና ብለው ከጠሯቸው የትም ይሄዳሉ። አቶ ጌታቸው ደግሞ ሰውየውን እንቢ ማለት አቅቷቸው ነው። ቀኑ ብርድና ካፊያ ስለነበር ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ደርበዋል። ሦስት ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸውም አንዱ የእድር ዳኛ ሲሆኑ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ አለባበስ ምን እንደሚመስሉ አንዳቸውም አላሰቡትም።

የመጀመሪያው በር የእትዬ ሙሉ ነበር። እናታቸው ደብረ ብርሃን ታመው ተኝተዋል። እትዬ ሙሉ በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው አዩ። በሩን እንኳ አልከፈቱትም።

«እናቴን! ወይኔ እናቴን!»

እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ነበር የሰማሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወርድ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ከፊት ለፊት ያለችው ሴት ወንድሟን መስሏት ደረቷን ትመታለች። ታክሲ ነጂው በካልሲ ቆሞ ያለቅሳል። ሟቹ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም የየራሱን ዘመድ ነው የሚያለቅሰው። የእትዬ ሙሉ ልጅ በሰው መካከል እየተሽሎከለከች «ማም! ሁ ዳይድ? ማም፣ ሁ ዳይድ?» ትላለች።

«ኧረ ምንም አልተፈጠረም! ወላሂ ማንም አልሞተም! ተረጋጉ፣ ቁጭ በሉ!» ይላሉ ሐጂ። ይህ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። መርዶ ነጋሪ መቼም «ምንም አልተፈጠረም፣ ቁጭ በይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሐጂ በማሉ ቁጥር ለቅሶው ጨመረ።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሰው በጃንጥላቸው የደረጃውን ብረት ደጋግመው መቱት። «ሰው አልሞተም!» አሉ በዳኝነት ድምፃቸው። «የሚቀረው አውቶቡሱ ነው!»

ለቅሶው ተቋረጠ። እትዬ ሙሉ በራቸውን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። «ምኑ?»

«አውቶቡሱ። ወደ ቢከን ሂል የሚወጣው።»

«እናቴስ?»

«እናትሽን እግዜር ይማራቸው እንጂ እኔ ስለሳቸው የሰማሁት የለም።»

እትዬ ሙሉ ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና እንባቸው ሳይደርቅ መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ያን የመሰለ እፎይታ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። ሰዉ ተቃቀፈ። ለወራት አንገታችንን ደፍተን በዚያ ኮሪደር ስንተላለፍ የኖርን ሰዎች፣ ማንም አልሞተብንም ብለን ተሳሳምን። የእንቁላሉ ዋጋ፣ የረንቱ ጭማሪ፣ ሁሉም ለዚያች ሰዓት ቀለለን። በየቤታችን ሞቷል ያልነው ሁሉ በሕይወት አለ!

ተግሣጹ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ሊገድሉን ነበር እኮ! በመርዶ ሰዓት ሰው ቤት ይመጣል?» አሉ እትዬ ሙሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ የሽማግሌውን ትከሻ እየመቱ። ጋሽ ደምሰው በእውነት አፍረው ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ውስጡን አዩ፤ ቆይተው ደፉት። «ግን አሁን ሁላችሁም ወጥታችኋል። እንዲህ በአንድ ጩኸት የሚወጣ ሰው እያለ ያ አዳራሽ ለምን ባዶ ይሆናል? ዛሬ ማታ ስብሰባ አለ። የሚቀር በቂ ምክንያት ያቅርብ። በቂ ምክንያት የሌለው ሳምንቱን ሙሉ የሕንፃውን ቆሻሻ ያወጣል።»

ያን ጊዜ ማን እንቢ ይላል? ዘመዱ ከሞት የተመለሰለት ሰው አንድ ምሽት አይነፍግም።

ማታ አዳራሹ ሞላ። ሲሉ ሰምታ እንደሚባለው፣ ወሬው ሾርላይን ድረስ ደርሶ ኖሮ፣ ማን እንደሞተ ያላወቁ ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ድፎ ዳቦና ወጥ በድስት ይዘው በባቡር መጥተዋል። ከመጡ ወዲያ ምን ያድርጉ? ድስታቸውን እንደያዙ ተከትለውን ገቡ። የከተማው ሠራተኞች ወንበር ፍለጋ ከክፍል ክፍል ሮጡ። ሹራብ ሠሪዋ ፈረንጅ ቦታዋን ለሐጂ ለቃ፣ ድፎ እየቆረሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ጋሽ ደምሰው ተራቸው ሲደርስ ተነሱ። እኔ አስተረጎምኩ።

«እኔ ፈሪ ነኝ» አሉ። «ይቺ አገር አበቃላት ስል ነው የምውለው። እውነቴን ይሆናል፣ አላውቅም። ፍርሃቴን ግን ቤቴ ተቀምጬ ብቻዬን ስበላው ከረምኩና ዛሬ ይዤው መጣሁ። እነዚህም ይዘው መጡ። ባለቤቴ በዚህ አውቶቡስ ሄዳ ደሟን አሳጥባ ወደ እኔ ትመለሳለች። አውቶቡሱ ከቀረ ወደ እኔ አትመለስም። ሌላ የምለው የለኝም።»

እትዬ ወሰኔ ከኋላ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። በሰው ፊት ስለ እሳቸው ሲነገር አይወዱም።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አውቶቡሱ አይቀርም፤ የቅዳሜና የእሁዱ ምልልስ ግን ይቀነሳል። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ጋሽ ደምሰው አነበቡና «ገና ምኑን አይታችሁ» አሉ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ግን ከሥራ ስመለስ፣ ባልና ሚስቱ ከአውቶቡስ ወርደው ቀስ እያሉ ወደ ቤት ሲሄዱ አየሁ። ይዘንብ ነበር። ጃንጥላው በእትዬ ወሰኔ ራስ ላይ ተዘርግቷል።

ከዚያ በኋላ ማለዳ በር ማንኳኳቱ ልማድ ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ሊቀነስ ነው ሲባል፣ የእግረኛ ማቋረጫው መብራት ሲበላሽ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች በካፖርታቸው ይመጣሉ። አንዳንዴ ተሳካልን፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተሳካም። ሱቅ ውስጥ የሚወራው ወሬ አልተለወጠም፤ አገሪቱ ዛሬም አብቅቶላታል። የአቶ ጌታቸው አልጋ ግን ዝቅ እያለ ሄደ። ሩዛቸውን ለስብሰባ ቀን እያስቀቀሉ ያበሉናል። እኔም ቆሻሻ አንድ ሳምንት አውጥቻለሁ፤ ደከመኝ ማለት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ተፈርዶብኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው የሞቱት። ከቀብራቸው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአውቶቡሱ ጉዳይ እንደገና ተነሳ። ጉድለቱ ብሷልና ጨርሶ ይቅር የሚል ሐሳብ መጣ፤ ስብሰባም ተጠራ። በዚያ ማለዳ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። እትዬ ወሰኔን አሰብኩ። ባላቸውን በቀበሩ ማግስት ቤታቸውን ሊለቁ ነው። ማን ይሄድላቸዋል? ዳኛው ሞተዋል፣ ሰውም ወደ «አበቃላት» ወሬው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ከሥራ አርፍጄ ወጥቼ፣ ባዶ ወንበር ላለማየት ዓይኔን እያሸሸሁ ነበር የአዳራሹን በር የገፋሁት።

በሩ አልከፈት አለ። ከኋላው ሰው ቆሞበታል። «ቀስ፣ ቀስ፣ ቦታ የለም!» አለኝ ታክሲ ነጂው። እትዬ ሙሉ፣ ሐጂ፣ የሾርላይን ሰዎች፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች፤ ሁሉም አለ። ማንም አልጠራቸውም። ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከፊት ያለችው የከተማው ሠራተኛ መናገር የሚፈልግ ስትል፣ ከመካከል ጥቁር የለበሱ ሴት ተነሱ። እትዬ ወሰኔ ናቸው። በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በእጃቸው ጃንጥላውን ይዘዋል። በዓይናቸው ፈለጉኝና «ሰብለ፣ ንገሪልኝ» አሉ።

«ባለቤቴ ከዚህ ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም» አሉ። «ዛሬ የቀረው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ይቅርታ ጠይቋችኋል በይልኝ።»

ማስተርጎም አቃተኝ። ያኔ ሐጂ ሰይድ ከተቀመጡበት፣ በዳኛው ወግ፣ ባርኔጣ ባይኖራቸውም እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደድ አድርገው ተነሱ።

«ምክንያቱ ተቀባይነት አግኝቷል!» አሉ።

እትዬ ወሰኔ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። እኔም እንደምንም የሁለቱንም ቃል አስተረጎምኩ። ከዚያ ሹራብ ሠሪዋ እጇን አወጣች፤ ከእሷም ቀጥሎ ሌላ፣ ከእሱም ቀጥሎ ሌላ። ስብሰባው አልቆ ስንወጣ ውሳኔው ገና አልታወቀም፤ አውቶቡሱ ግን ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነበርና ሁላችንም ተሳፈርን።